አዲስ ጌም ኮንሶል ከመውጣቱ በፊት፦ የተባለለትን በቁጥር መፈተሻ

አዲስ ኮንሶል ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር ሁለት ወሬ ይቀድመዋል። አንዱ «ከዚህ በፊት ያልታየ ጉልበት አለው» ይላል፤ ሌላው «አይወጣም፤ ቢወጣም አይረባም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ስሌት የላቸውም። ኮንሶል ደግሞ እኛ አገር የወራት ደመወዝ የሚበላ ዕቃ ነው። ብዙው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ስለሚገባ፣ ችግር ቢገኝበት ለሻጩ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ መጠራጠር ያለብን ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ጥርጣሬውም በቁጥር ይሁን።

ከታች ያለው አሠራር ካልኩሌተር፣ አንድ ወረቀትና አንድ ምሽት ይፈልጋል። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አዘጋጁ

ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ጥያቄዎቹን ጻፉ፦ የግራፊክስ ቺፑ ስንት ኮምፒዩት ዩኒት (የስሌት ክፍል) አለው? በስንት ጊጋኸርትዝ ይሠራል፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ምት ይመታል? ራሙ ስንት ጊጋባይት ነው፣ ዓይነቱስ? የሜሞሪው መስመር ስንት ቢት ነው? ስንት ዋት ይበላል? ስቶሬጁ ስንት ነው? ዋጋውስ? የሚሸጥበት ቀንስ? በሁለተኛው ዓምድ መልሱን፣ በሦስተኛው ደግሞ መልሱን የተናገረው ማን እንደሆነ ጻፉ። ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ዓምድ ነው። አምራቹ ራሱ የተናገረው፣ ዕቃውን ፈትተው ያዩ ሰዎች ያረጋገጡት እና «ሾልኮ ወጣ» የተባለው እኩል ክብደት የላቸውም። ሾልኮ በወጣ ቁጥር ስሌት መሥራት ይቻላል፤ ገንዘብ ግን አይከፈልበትም።

ባዶ የቀረ ቦታም መልስ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስቲም ማሽን የተባለውን ኮንሶሉን ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ሲያስተዋውቅ የቺፑን፣ የራሙንና የዋቱን ቁጥር ሰጥቷል። ዋጋውንና የሚሸጥበትን ቁርጥ ቀን ግን አልተናገረም፤ «2026 መጀመሪያ ላይ» ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥማችሁ ንድፉ አልቋል፣ ወጪው ግን ገና አልተቆረጠም ብላችሁ አንብቡት።

ቴራፍሎፑን ራሳችሁ አስሉት

ቴራፍሎፕ ቺፑ በአንድ ሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ስሌት መሥራት እንደሚችል የሚነግር ቁጥር ነው። የኤኤምዲ ቺፕ ከሆነ የኮምፒዩት ዩኒቱን ብዛት በ64 አባዙ፤ ውጤቱን በ2፣ ከዚያም በጊጋኸርትዙ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 64 በአንድ ዩኒት ውስጥ ያሉት አስሊዎች ቁጥር ነው። በ2 የሚባዛው እያንዳንዱ አስሊ በአንድ ምት ማባዛትንና መደመርን አብሮ ስለሚሠራ ነው።

ፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5)፦ 36 × 64 × 2 × 2.23 = 10,275፤ ማለትም 10.28 ቴራፍሎፕ ገደማ።
ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ፦ 52 × 64 × 2 × 1.825 = 12,147፤ ማለትም 12.15።

የኤንቪዲያ ቺፕ ከሆነ አስሊዎቹ «ኩዳ ኮር» በሚል ስም ቀድመው ስለሚቆጠሩ በ64 ማባዛት አያስፈልግም። ኒንቴንዶ ስዊች 2 1,536 ኩዳ ኮር አለው። ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ በ1.007 ጊጋኸርትዝ፣ በእጅ ሲያዝ በ0.561 ጊጋኸርትዝ ይሠራል። ስለዚህ 3.09 እና 1.72 ቴራፍሎፕ ይወጣል። አንድ ዕቃ ሁለት ቁጥር አለው ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ትልቁ ነው፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ለመጫወት ከሆነ የምትገዙት፣ ወረቀቱ ላይ ትንሹን አስፍሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አርዲኤንኤ 3 ከተባለው የግራፊክስ ትውልድ ጀምሮ የኤኤምዲ ቺፕ በተወሰነ ሁኔታ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ምት ማስኬድ ይችላል። ይህን የሚቆጥር ሰው ውጤቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። ፒኤስ5 ፕሮ ከመውጣቱ በፊት «33.5 ቴራፍሎፕ» የሚል ወሬ የተሰራጨው በዚህ አቆጣጠር ነው፤ በቀድሞው አቆጣጠር 16.7 ነው። ስቲም ማሽን 28 ዩኒት በ2.45 ጊጋኸርትዝ አለው፤ 28 × 64 × 2 × 2.45 ሲሰላ 8.78 ይሆናል። በእጥፍ የቆጠረው ሰው ግን «17.6» ብሎ ከፒኤስ5 ፕሮ በላይ ያስቀምጠዋል። ሁለት ኮንሶል ስታወዳድሩ ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር ራሳችሁ አስሉ፤ የሌላ ሰው ድምር አትቅዱ።

ሌላው ነገር ቴራፍሎፕ ብቻውን ውጤት አይወስንም። ሲሪስ ኤክስ ከፒኤስ5 በ18 በመቶ ይበልጣል፤ ስክሪን ላይ ግን ብዙ ጌሞች ተቀራራቢ ሆነው ነው የወጡት። የፒኤስ5 ቺፕ ዩኒቱ ቢያንስም ምቱ ፈጣን ስለሆነ፣ ከስሌቱ ውጭ ያሉት የግራፊክስ ክፍሎች አብረው ይፈጥናሉ። በ10 እና በ12 መካከል ባለ ልዩነት መጣላት ጊዜ ማባከን ነው። በ4 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ግን ቁም ነገር ነው።

የሚወራው ስለ ቺፑ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከሜሞሪው ነው

ቁጥር ስትመረምሩ ረዘም ያለውን ጊዜ እዚህ አጥፉ። የሜሞሪ ፍጥነት ስሌት ቀላል ነው፦ የመስመሩን ስፋት በቢት ለ8 አካፍሉና በሜሞሪው ፍጥነት አባዙ። ፒኤስ5 256 ቢት መስመርና በሰከንድ 14 ጊጋቢት የሚሄድ ሜሞሪ አለው፤ 256 ÷ 8 × 14 = 448 ጊጋባይት በሰከንድ። ስዊች 2 ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ 128 ÷ 8 × 6.4 = 102፤ በእጅ ሲያዝ 68 ነው።

ይህ ቁጥር ሲያንስ ምን እንደሚፈጠር ኤክስቦክስ ዋን በደንብ ያሳያል። በ2013 ሲወጣ እንደ ፒኤስ4 ሁሉ 8 ጊጋባይት ራም ነበረው። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። የፒኤስ4 ሜሞሪ ግን ጂዲዲአር5 ሆኖ በሰከንድ 176 ጊጋባይት ሲያቀርብ፣ የኤክስቦክስ ዋን ዲዲአር3 ስለነበር 68 ብቻ ነበር የሚያቀርበው። ጉድለቱን ለመሙላት ቺፑ ውስጥ 32 ሜጋባይት በጣም ፈጣን ሜሞሪ ተጨመረ። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ1080ፒ አንድ ሥዕል 1,920 × 1,080 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢይዝ 8.3 ሜጋባይት ይሆናል። ጌም ደግሞ አንድ ሥዕል ይዞ አይሠራም፤ ቀለሙን፣ ርቀቱን፣ ብርሃኑ የሚወድቅበትን አቅጣጫና ሌላውንም በየንብርብሩ ለየብቻ ይይዛል። አምስት ንብርብር ቢኖር 41 ሜጋባይት ነው፤ 32 ውስጥ አይገባም። በ900ፒ ግን 1,600 × 900 × 4 = 5.76፤ አምስቱ 28.8 ይሆናሉ፤ ይገባሉ። ቺፑም ከፒኤስ4 ያነሰ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጌሞች ፒኤስ4 ላይ በ1080ፒ፣ ኤክስቦክስ ዋን ላይ በ900ፒ ወጡ። ይህን ዕቃው ከመሸጡ በፊት በካልኩሌተር ማወቅ ይቻል ነበር።

ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። አንደኛ፣ ከራሙ ውስጥ ለጌም የሚቀረው ስንት ነው? ስዊች 2 12 ጊጋባይት አለው፤ 3ቱን ሲስተሙ ስለሚይዝ ለጌም 9 ይቀራል። ሁለተኛ፣ ራሙ በሙሉ እኩል ፈጣን ነው? ሲሪስ ኤክስ ካለው 16 ጊጋባይት 10ሩ በሰከንድ 560፣ 6ቱ 336 ነው የሚሄዱት። ታናሹ ሲሪስ ኤስ 10 ጊጋባይት አለው፤ ፈጣኑ 8ቱ ብቻ ነው። የዚህ ጣጣ በ2023 ታይቷል፦ አንድ ዝነኛ ጌም ሁለት ሰው ስክሪን ተካፍሎ የሚጫወትበት ክፍል ሲሪስ ኤስ ላይ አልሠራ ስላለ፣ የኤክስቦክሱ ቅጂ ከፒኤስ5ቱ ሦስት ወር ዘግይቶ ወጣ። ርካሽና ውድ ሆኖ በሁለት ዓይነት የሚወጣ ኮንሶል ስታዩ ታናሹን ከራሙ ጀምራችሁ መርምሩ። የቺፕ ጉድለት የሥዕሉን ጥራት በመቀነስ ሊሸፈን ይችላል፤ የራም ጉድለት ግን ጌሙን ራሱን ያስቀራል።

ሾልኮ የወጣን የቺፕ ወሬ ለመፈተን አንድ አጭር ዘዴ አለ። ኮንሶል ሠሪዎች ቺፑን ሙሉ በሙሉ አያበሩትም። ፒኤስ5 ውስጥ 40 ዩኒት ተቀርጿል፤ የሚሠራው 36 ነው። ሲሪስ ኤክስ ላይ ከ56ቱ 52 ይሠራሉ። የፒኤስ3 ሴል ቺፕም ከ8 ረዳት ኮሮቹ 7ቱን ብቻ ነበር የሚያበራው። አንድ ዩኒት ላይ ጥቃቅን እንከን ቢኖር ቺፑን ከመጣል ያንን ዩኒት አጥፍቶ መሸጥ ስለሚያዋጣ ነው። «ሁሉም ዩኒት ይሠራል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው» የሚል ወሬ ስታነቡ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጉበት።

ሙቀትና መብራት

አምራቹ «እስከ 2.23 ጊጋኸርትዝ» ሲል «እስከ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ጥያቄው ኮንሶሉ እዚያ ምት ላይ መድረሱ አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ እዚያው መቆየቱ ነው። ምት የሚወርደው ሙቀት ሲበዛ ወይም የተመደበለት ዋት ሲያልቅ ነው።

ሳጥኑን ከዋቱ ጋር አስተያዩት። ፒኤስ5 ውስጥ ያለው የኃይል አቅራቢ 350 ዋት ነው፤ ከባድ ጌም ሲጫወቱበት ግድግዳው ላይ ወደ 200 ዋት ይስባል። የመጀመሪያው ፒኤስ5 39 ሴንቲሜትር ቁመትና 4.5 ኪሎ ክብደት ነበረው። ብዙ ሰው በመጠኑ ቀልዷል፤ መጠኑ ግን ማቀዝቀዣው ነው። ያን ያህል ዋት በግማሽ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ የሚል አምራች ወይ ፋኑ ይጮኻል፣ ወይ ምቱን ይቀንሳል፣ ወይ ዕድሜው ያጥራል።

ዕድሜ ሲያጥር ምን እንደሚመስል ኤክስቦክስ 360 አሳይቷል። ኖቬምበር 2005 ወጣ፤ በጁላይ 2007 ማይክሮሶፍት ኮንሶሉ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት አብርቶ ለሚቆምበት ብልሽት ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዘመ፣ ለዚህም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ኮንሶሉ ሲበራ ቺፑ ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። አንድ ላይ የተጣበቁት ቁሶች ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ፣ በመሐላቸው ያለው ጥቃቅን መገናኛ በየማብራትና ማጥፋቱ ይሳባል፤ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ይህ ዓይነቱ ችግር በመጀመሪያው ሳምንት ፍተሻ አይታይም። የሚታየው ከብዙ መቶ ማብራትና ማጥፋት በኋላ ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት ለመክፈት የምትገዙ ሰዎች ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ፣ አቧራ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚጠፋ ኮንሶል ቤት ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ይፈተናል። ለሥራ ከሆነ ከወጣ ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላው አዲስ ሞዴል አትግዙ፤ አምስት ከመግዛት በፊትም አንድ ገዝታችሁ አሠሩት።

የመጀመሪያዎቹ ገለልተኛ ፍተሻዎች ሲወጡ አራት ቁጥር ፈልጉ፦ የክፍሉ ሙቀት፣ ፍተሻው የቆየበት ጊዜ፣ ከግድግዳው የተሳበው ዋትና የፋኑ ድምፅ በዴሲቤል። የክፍሉን ሙቀት ያልጻፈ ፍተሻ ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ ሰው አይጠቅምም፤ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ጸጥ ያለ ፋን 35 ዲግሪ ላይ ሌላ ፋን ነው። አዳፕተሩ ላይ ደግሞ «100–240 ቮልት» መባሉን አረጋግጡ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አሮጌ ኮንሶሎች 100 ቮልት ብቻ ስለሚሉ፣ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ሲሰኩ ይቃጠላሉ።

በእጅ ለሚያዝ ኮንሶል የባትሪውን ዋት ሰዓት ለሚበላው ዋት አካፍሉ። የስዊች 2 ባትሪ 5,220 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሆን 20 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኒንቴንዶ ራሱ «ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት» ብሏል። ከባድ ጌም ላይ 10 ዋት ቢበላ 20 ÷ 10 = 2፤ ቃሉና ስሌቱ ይገጥማሉ። 40 ዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ፣ 30 ዋት እየበላ፣ «8 ሰዓት ይቆያል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ግን ስሌቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው።

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ

ትልልቆቹ አምራቾች ዕቃው ቢዘገይም ያወጡታል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከአነስተኛ ኩባንያ የሚመጣው ነው። ለዚህ ከኮሌኮ ካሜሊዮን የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

ይህ ካሴት የሚጎርስ አዲስ ኮንሶል ነው ተብሎ ፌብሩዋሪ 2016 በኒው ዮርክ የመጫወቻ ትርኢት ላይ ቀረበ፤ ጌምም ሲጫወትበት ታየ። ፎቶውን ያጎሉ ሰዎች ግን የጀርባው መሰኪያዎች ከሱፐር ኒንቴንዶ ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስተዋሉ። ጥርጣሬው ሲበረታ ውስጡ የሚታይ ግልጽ ሳጥን ያለው ሌላ ፎቶ ተለቀቀ። ተመልካቾች ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ክፍል በክፍል ሲያነጻጽሩት፣ የደህንነት ካሜራ ምስል ለመቅዳት ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሰካ አሮጌ ካርድ ሆኖ አገኙት። በማርች 2016 ኮሌኮ ስሙን ከፕሮጀክቱ አነሳ፤ ኮንሶሉም ቀረ።

አነጻጸሩ እንዲህ ነው። የሰሌዳውን ፎቶ በሙሉ መጠኑ አውርዱ። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ሰሌዳው ላይ ተበይዶ ይታያል ወይስ ሳጥኑ ላይ ቀዳዳ ብቻ ነው? ኃይል የሚገባበት ቦታ የታለ? ዋናው ቺፕ ላይ ማቀዝቀዣ ብረት ተቀምጧል? የሰሌዳው ጠርዝ ወርቃማ ጥርስ ካለው ሌላ ማሽን ውስጥ እንዲሰካ የተሠራ ካርድ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር በምስል መፈለጊያ ፈልጉት። ካሜሊዮንን ያጋለጠው ከዚህ የተለየ ጥበብ አይደለም።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ፦ የቅድመ ሙከራ መሣሪያ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። በ2005 ኢ3 ትርኢት ላይ የኤክስቦክስ 360 ጌሞች ይሠሩ የነበሩት ጠረጴዛ ሥር በተደበቁ የአፕል ፓወር ማክ ጂ5 ኮምፒዩተሮች ነበር፤ የሁለቱ ቺፕ ዘር ስለሚቀራረብ ለገንቢዎች የተሰጠው መሣሪያ እሱ ነበር። ኮንሶሉም በቀኑ ወጣ። ቪዲዮ ላይ ግን ሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ «ከኮንሶሉ በቀጥታ የተቀዳ» ካላለ የጥራት ማስረጃ አታድርጉት።

ይወጣል በተባለው ቀን ይወጣል?

ይህን ለማወቅ ዋጋው በተነገረበትና ሽያጭ በሚጀመርበት ቀን መካከል ያለውን ቀን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ስዊች ዋጋ ጃንዋሪ 12 ቀን 2017 ተነግሮ ማርች 3 ተሸጠ፤ 50 ቀን። የፒኤስ5 ሴፕቴምበር 16 ቀን 2020 ተነግሮ ኖቬምበር 12 ተሸጠ፤ 57 ቀን። ሲሪስ ኤክስ ከሴፕቴምበር 9 እስከ ኖቬምበር 10፤ 62 ቀን። ስዊች 2 ከኤፕሪል 2 እስከ ጁን 5 ቀን 2025፤ 64 ቀን። ሁሉም ሁለት ወር ገደማ ነው። ዋጋ የሚቆረጠው የቺፑና የሜሞሪው ውል ሲያልቅና ፋብሪካው መሥራት ሲጀምር ስለሆነ፣ «በሚቀጥለው ወር ይወጣል» ተብሎ ዋጋ ያልተነገረለትን ዕቃ ቀኑን አትመኑ።

ተቃራኒውም ያው ነው። ዋጋው ተነግሮ፣ ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ቀኑ ግን ዓመት ከራቀ አምራቹ ገና ካፒታል እየፈለገ ነው። ኦውያ የተባለው ኮንሶል ጁላይ 2012 ገንዘብ መሰብሰብ ጀምሮ ከ8.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ በ99 ዶላር ሱቅ የደረሰው ጁን 2013 ነው፣ አገልግሎቱ ደግሞ በጁን 2019 ተዘጋ። አታሪ ቪሲኤስ በ2018 ገንዘብ ሰብስቦ 2019 አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ቀድመው የከፈሉት የተረከቡት በ2020 መጨረሻ ነው። ኢንቴሊቪዥን አሚኮ ኦክቶበር 10 ቀን 2020 ይወጣል ተባለ፣ ወደ ኤፕሪል 2021 ተላለፈ፣ ከዚያም ወደ ዓመቱ መጨረሻ፤ ገዢ እጅ ሳይገባ በ2024 አታሪ የኢንቴሊቪዥንን ስም ገዛው። አንድ ጊዜ መዘግየት የተለመደ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲዘገይና ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ፎቶ አብሮ ካልመጣ፣ መመለሻው ክፍት ሳለ ገንዘባችሁን ጠይቁ።

ለትልልቆቹ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ አዲስ ክፍል የቱ ነው? ፒኤስ3 ኖቬምበር 2006 በጃፓንና በአሜሪካ ሲወጣ አውሮፓ እስከ ማርች 23 ቀን 2007 የጠበቀችው ብሉሬይ ዲስክ የሚያነበው ሰማያዊ ሌዘር ስላልበቃ ነው። በ1998 የድሪምካስት ኮንሶል መነሻ በጃፓን የቀጠነው የኤንኢሲ ፋብሪካ የግራፊክስ ቺፑን በበቂ ቁጥር ማውጣት ስላልቻለ ነው። ወረቀታችሁ ላይ «አዲስ» የተባለውን ሁሉ አክብቡ፤ ክቡ በበዛ ቁጥር የመጀመሪያው ዓመት እጥረት ይበዛል።

የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤፍሲሲንም መዝገብ እዩ። አሜሪካ ውስጥ ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ ያለው ዕቃ ከመሸጡ በፊት የዚህ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መዝገቡም በድረ ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው። በአምራቹ ስም ፈልጉ፣ የፈቃዱን ቀን ጻፉ፣ የሙከራ ሪፖርቱን ክፈቱ። የውስጥ ፎቶው በአምራቹ ጥያቄ ለወራት ሊደበቅ ይችላል፤ ያ አያስደነግጥም። ሦስት ወር ሲቀረው መዝገብ አለመኖሩም ችግር አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለመኖሩ ግን ትልቅ ምልክት ነው።

እስኪረክስ እንጠብቅ?

ድሮ ይሠራ ነበር። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ማርች 2011 አሜሪካ ውስጥ በ249.99 ዶላር ወጥቶ አምስት ወር ሳይሞላው በኦገስት 169.99 ገባ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል፤ የፒኤስ5 ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል በኦገስት 2025 በ50 ዶላር ጨመረ። ስለዚህ የምንጠብቀው ዋጋ እስኪወርድ ሳይሆን መረጃው እስኪሟላ ነው፦ ተፈትቶ እስኪታይ፣ ገለልተኛ ፍተሻ እስኪወጣ፣ ያልደረሱት ነገሮች እስኪደርሱ። ፒኤስ5 በ2020 ሲወጣ ውስጡ ላለው የስቶሬጅ መጨመሪያ ቦታ መሥራት የጀመረው ሴፕቴምበር 2021 ነው፤ የስክሪን ምቱን ከጌሙ ጋር የሚያስማማው ቪአርአር የመጣው ኤፕሪል 2022 ነው። «በአፕዴት ይመጣል» የተባለውን እንደሌለ ቆጥራችሁ ወስኑ።

ለኢትዮጵያ ገዢ የተለዩ ፍተሻዎች

ስቶሬጁ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን የሚቀረውን ጠይቁ። 825 ጊጋባይት የተባለው የመጀመሪያው ፒኤስ5 667 ያህል ይቀርለታል፤ 512 የተባለው ሲሪስ ኤስ 364። ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ሲሆን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለስዊች 2 ጌም መጫኛ የሚሆነው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ ካርድ ብቻ ነው፤ ቤት ያለው አሮጌ ካርድ ጌም አይጫንበትም።

ዲስኩ ወይም ካሴቱ ውስጥ በእርግጥ ጌም አለ? የስዊች 2 አንዳንድ ካሴቶች የያዙት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ በሙሉ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ሳጥኑም ፊት ላይ ይህን ይጽፋል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሁለተኛ ዋጋ ነው። ፒኤስ5 ፕሮ በ699.99 ዶላር ሲወጣ ዲስክ ማጫወቻ አልነበረውም፤ ማጫወቻው ለብቻው ተገዝቶ መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል።

አካውንቱንም አስቡበት። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ አካውንቱ የሌላ አገር ይሆናል፣ የሚሠራውም የዚያው አገር የክፍያ ካርድ ብቻ ነው። የአሜሪካ አካውንት ላይ የኤምሬትስ ካርድ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት ካርዱን ዘወትር የሚልክላችሁ ዘመድ የት እንዳለ አስባችሁ አገሩን ምረጡ። ስዊች 2ን ከጃፓን «በርካሽ» የሚያቀርብላችሁ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ በ2025 በ49,980 የን የወጣው ለጃፓን ብቻ የተሠራው ሞዴል ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የለውም፣ ከጃፓን አካውንት ሌላም አይቀበልም።

ዕቃውን የሚያመጣላችሁ ሰው እዚያው እንዲፈትሸው ለምኑት፤ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ሳጥኑን ይክፈት፣ አፕዴቱን ይጫን፣ አንድ ጌም ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ያስኪድ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ አስቀምጦ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር በራሱ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ይይ። መሰኪያዎቹን በሙሉ ይሞክር፣ ዲስክ አስገብቶ ያውጣ፣ የሴሪያል ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ባትሪ ያለው ኮንሶል ከሆነ አጥፍቶ በእጅ ቦርሳው ይያዘው፤ ፓወር ባንክ አብሮ ካለ በምንም መልኩ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።